በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡን

ይድረስ፦ ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች

ጉዳዩ፦ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ተማሪው ሒሳብን በተግባር ለሚማርበት ሥራ ቋሚ ክፍለ ጊዜ እንዲመደብ ስለመጠየቅ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ 20 ዓመት አልፎኛል። 7ኛ ክፍል ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ከሚያደናግራቸው ልጆች ጋርም፣ 12ኛ ክፍል ካልኩለስ ከሚያስጨንቃቸው ወጣቶች ጋርም ውዬአለሁ። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት ጉዳዩ በቢሮና በመምህር መካከል ብቻ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው። ልጁ ደብተሩን ዘግቶ «ሒሳብ አይሆነኝም» ሲል የሰማ ወላጅ ሁሉ ባለጉዳይ ነው።

የምጠይቀው ነገር ከየት እንደመጣ እንዲታያችሁ፣ አስቀድሜ አንድ ቀን ክፍሌ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ።

ኅዳር ላይ ነው፤ 9ኛ ክፍል። ከመጨረሻው ዴስክ የሚቀመጥ፣ ከገጠር መጥቶ አጎቱ ዘንድ የሚኖር ዲያቆን ተማሪ አለኝ። በመጀመሪያው የክፍል ፈተና ከ20 ያገኘው 4 ነበር። ስጠይቀው አንገቱን ይደፋል እንጂ አይመልስም። የዕለቱ ትምህርት የጋራ አባዢን አውጥቶ መጻፍ ነው፤ መጽሐፉ ላይ በ«ኤክስ» እና በ«ዋይ» የተሞላ ግማሽ ገጽ መልመጃ አለው። እኔ ግን መጽሐፉን ሳልከፍት ሰሌዳው ላይ 5500 እና 2018 ጻፍኩና «ደምሩልኝ» አልኳቸው። 7518 አሉ። «ለ19 አካፍሉት። ድርሻውን ተዉት፤ ቀሪውን ብቻ ንገሩኝ።» 13 አሉ። ይኼኔ ከመጨረሻው ዴስክ ድምፅ መጣ፦

«ቲቸር፣ መደብ ነው እኮ!»

ጠመኔውን ሰጠሁት። ያ አንገቱን የሚደፋ ልጅ ከ13 ላይ 1 ቀንሶ «ወንበር 12» ብሎ ጻፈ። 12ን በ11 አባዝቶ 132 አገኘ፤ 30፣ 30 እየገደፈ 12 ቀረውና «አበቅቴ» አለ። እንደገና 12ን በ19 አባዝቶ 228 አገኘ፤ ሲገድፈው 18 ቀረውና «መጥቅዕ» አለ። መደብ፣ ወንበር፣ አበቅቴና መጥቅዕ የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያን በዓላትና አጽዋማትን የምታሰላበት ቀመር ደረጃዎች ናቸው፤ ልጁ በቃሉ ይዞታል። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ያየው ነበር።

ቀጥዬ እያንዳንዱ ተማሪ በተወለደበት ዓመት እንዲያሰላ አዘዝኩ። የ2002 ልጆች 15 እና 15 አገኙ፤ የ2003 ልጆች 26 እና 4። አንዲት ልጅ የጎረቤቶቿን ደብተር እያገላበጠች ቆይታ እጇን አወጣች፦ «ቲቸር፣ ሁለቱ ሲደመሩ ለምንድን ነው ሁልጊዜ 30 የሚሆኑት?»

አልመለስኩላትም። «ሁላችሁም ፈልጉ» አልኩ። ሁለት ሁለት ሆነው ተከራከሩ። ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ልጅቷ ወጥታ ወንበርን «ወ» ብላ ሰይማ እንዲህ ጻፈች፦ 11ወ + 19ወ = 30ወ። «ወ ማንኛውም ቁጥር ቢሆን 30 እየገደፍን ከሄድን ከ30ወ ምንም አይተርፍም። ስለዚህ ከሁለቱ የቀሩት ተደምረው ወይ 30 ነው የሚሞሉት፣ ወይ ባዶ ነው የሚሆኑት።» ያ ሁሉ የመጽሐፉ መልመጃ ያለው በዚህች አንድ መስመር ውስጥ ነው። ዲያቆኑ ሰሌዳውን እያየ፣ «ስናሰላው ኖረናል፤ ምክንያቱን ግን ዛሬ አየሁት» አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስጠይቀው ይመልሳል። ይሳሳታል፣ ግን ይመልሳል።

ቀመሩ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቢሆንም ዘመን አቆጣጠሩን ሁላችንም እንኖርበታለን። ስለዚህ በማግስቱ እንቁጣጣሽ የምትውልበትን ዕለት አስፈለግኋቸው። 7518ን ለ4 ስናካፍል የሚደርሰው 1879 ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 9397፤ ለ7 ሲካፈል ቀሪው 3። ማክሰኞን 1 ብለን ስንቆጥር 3 ሐሙስ ነው፤ የ2018 እንቁጣጣሽም የዋለችው ሐሙስ ነበር። አንድ ሙስሊም ተማሪ ማንም ሳያዘው የ2019ን አሰላና «ጁምዓ ነች!» ብሎ ጮኸ። ትክክል ነበር። በቀሪዎች የሚሠራውን፣ ሞጁላር አሪትሜቲክ የሚባለውን ትምህርት ስሙን ሳይሰሙ ሠሩት።

የዚያ ሁሉ ወጪ አንድ ጠመኔና ሁለት ክፍለ ጊዜ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ክፍለ ጊዜዎች በዓመታዊ ዕቅዴ ውስጥ አልነበሩም። በዚያው ወር ክፍሌን ያዩ አንድ ሱፐርቫይዘር ቅጹ ላይ ያሰፈሩት «መምህሩ ከዕቅዱ በሁለት ክፍለ ጊዜ ወደኋላ ቀርቷል» የሚል ነበር። አልተቀየምኳቸውም። ቅጹ የሚጠይቀው ስንት ገጽ እንደተሸፈነ ነው፤ እሳቸውም ለተጠየቁት መለሱ።

ክቡራን ኃላፊዎች፣ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ተማሪው እየሠራ ይማር የሚለው ሐሳብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር ፈቺ ዜጋ ማፍራትን ዓላማው አድርጎ ከተነሣ ሦስት ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። አሳታፊ የማስተማር ዘዴ፣ ተከታታይ ምዘና፣ ተማሪ ተኮር ትምህርት የሚሉትን ቃላት በየሥልጠናው ሰምተናቸዋል፤ በዕለታዊ ዕቅዳችን ላይም በየቀኑ እንጽፋቸዋለን። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ (በቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት) ሲመጣ ደግሞ ትምህርቱ በምስል ታጅቦ ይገባቸዋል የሚል ተስፋ ነበረን። ሥዕሉ ያምር ነበር። ይሁን እንጂ ፕላዝማው ማንንም አይጠብቅም፤ «አሁን ሥሩ» ይልና ተማሪው ማስመሪያውን ሳያነሣ መልሱን ያሳያል። ልጆቹ ሒሳብ ሲሠራ አዩ እንጂ አልሠሩም። አሁን ደግሞ 6፣ 2፣ 4 በሚለው አዲሱ የትምህርት መዋቅር አዳዲስ መጻሕፍት መጥተዋል፤ በውስጣቸውም ተማሪውን «ሥራ፣ ለካ፣ ተወያይ» የሚሉ ተግባራት አሉባቸው። መምህሩ ግን ብዙውን ጊዜ ይዘላቸዋል። የሚዘላቸው ጠልቷቸው አይደለም፤ ምዕራፉ ማለቅ ስላለበት ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ውጤቱ የሁሉም ትምህርት ድምር እንጂ የሒሳብ ብቻ አይደለም፤ መንሥኤውም ብዙ ነው፤ ሁሉንም በአንድ የማስተማር ዘዴ ላይ መጫን አልፈልግም። ሆኖም እኔ በየቀኑ የማየው አንድ ነገር አለ። ቀመሩን በቃሉ የያዘ ተማሪ ጥያቄው ትንሽ መልኩን ከቀየረ ይጠፋበታል። ምክንያቱን ያወቀ ግን ቀመሩ ቢጠፋው እንኳ መልሶ ይሠራዋል።

በተግባር የሚማሩት ሒሳብ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ሁለት ነገር ልጨምር።

ፕሮባብሊቲ ላይ ስንደርስ ዕቁብ ይዤ እገባለሁ። 10 ብጣሽ ወረቀት ይጠቀለላል፤ አንዱ ላይ ብቻ ምልክት አለ። 10 ተማሪዎች በተራ አንድ አንድ ያነሣሉ፤ ያነሡት አይመለስም። «ማን ይሻለዋል? ቀድሞ የሚያወጣው ወይስ መጨረሻ?» ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። «ቀድሞ ያወጣ ወረቀቱ ሁሉ እጁ ላይ ነው» ይላል አንዱ ወገን። «መጨረሻ ላይ የቀረው ጥቂት ስለሆነ ዕድሉ ይሰፋል» ይላል ሌላው። 60 ልጆች በ6 ቡድን ሆነው እያንዳንዱ ቡድን 20 ጊዜ ዕጣውን ያወጣል፤ በድምሩ 120 ጊዜ ማለት ነው። ሰሌዳው ላይ ስንመዘግብ አንደኛ ለወጣው 11 ጊዜ፣ አምስተኛ ለወጣው 14፣ መጨረሻ ለወጣው 13 ጊዜ ደረሰ። ሁሉም በ12 ዙሪያ ነው። ከዚያ ወደ ወረቀት እንመለሳለን። ሁለተኛው እንዲደርሰው አንደኛው መሳት አለበት፦ 9/10 ሲባዛ በ1/9፣ 1/10። ሦስተኛው፦ 9/10 በ8/9 በ1/8፣ አሁንም 1/10። ቁጥሮቹ እርስ በርስ እየተጣፉ ሲሄዱ ሲያዩ ልጆቹ የሚያሰሙት ድምፅ አለ፤ ያንን ድምፅ የሰማ መምህር ሒሳብ ማስተማር አይሰለቸውም። እናታቸው ዕቁብ የምትጥል ልጆች ማታ ቤት ገብተው ለእናታቸው ያስረዳሉ።

ሌላው የባንዲራው ምሰሶ ነው። ትሪጎኖሜትሪ ስጀምር በካርቶን የተሠራ ማዕዘን መለኪያ፣ ከመሐሉ የተንጠለጠለ ክርና ከክሩ ጫፍ የታሰረ ጠጠር ይዘን ግቢ እንወጣለን። ከምሰሶው 15 ሜትር ርቀን ጫፉን ስናነጣጥር ክሩ 30 ዲግሪ ያሳያል። ታንጀንቱ 0.577 ስለሆነ 15 ሲባዛበት 8.7 ሜትር ያህል ይመጣል። አንድ ቡድን በዚያው ጨርሶ 8.7 ብሎ ጻፈ፤ ሌላው 10.2 አለ። ሁለቱም እንዳልተሳሳቱ እየማሉ ሲጨቃጨቁ አንዱ ልጅ 8.7 ብላ የጻፈችውን ልጅ «ዓይንሽ መሬት ላይ ነው እንዴ?» አላት። ልጅቷ ዝም ብላ ቆመች፤ ከእግሯ እስከ ዓይኗ ያለውን ለካች፤ 1.5 ሜትር። ሣቀችና ደብተሯን አስተካከለች። «ከመሬት ያለውን ቁመት መደመር አትርሱ» ብዬ ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ጽፌአለሁ፤ አንድም ዓመት ሳይረሱት ቀርተው አያውቁም። ከዚያ ክርክር በኋላ ግን ያ ክፍል አልረሳውም።

7ኛና 8ኛ ክፍልም እንዲሁ ነው። ሰፌድ፣ የማንቆርቆሪያ ክዳን፣ የብስክሌት ጎማ፣ ብርጭቆ ይመጣል፤ በክር ዙሪያው ይለካል፤ በመሐሉ የሚያልፈው ስፋት ይለካል፤ ዙሪያው ለስፋቱ ይካፈላል። አንዱ 3.1፣ ሌላው 3.2 ያገኛል። ሰፌዱም ብርጭቆውም አንድ ቁጥር እንደሚጠብቁ ያወቀ ልጅ ፓይን ከሰማይ እንደወረደ ቁጥር አያየውም።

እዚህ ላይ የምሰጋበትንም ልናገር። ተግባር ሲባል ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። ተማሪው ክር ይዞ ተሯሩጦ፣ ተደስቶ፣ ምንም ሳይጽፍ ከወጣ ጊዜው ባክኗል። ከግቢ ሲመለሱ ቀመሩ በራሳቸው ቃል መጻፍ አለበት፤ ከዚያም መልመጃ፣ ከዚያም ሌላ መልመጃ። የማባዣ ሠንጠረዥ የማያውቅ ልጅም በክር ብቻ አይድንም፤ እርሱን ቁጭ ብሎ ማጥናት ግዴታው ነው። ለዚህ ነው የምጠይቀው የትምህርቱን ሁሉ መለወጥ ሳይሆን ከሳምንቱ የሒሳብ ክፍለ ጊዜዎች አንዱን ብቻ የሆነው። በአንዱ ሠርቶ ምክንያቱን ያገኘዋል፤ በቀሩት ይለማመደዋል።

የቋንቋውም ነገር አለ። በብዙ ቦታ ሒሳብ ከ7ኛ ወይም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ልጁ ያልገባው ሒሳቡ ይሁን ቋንቋው ለመለየት እንኳ እንቸገራለን። እየለኩ ሲሠሩ ግን አስቀድመው በአፍ መፍቻቸው ይከራከራሉ፤ ነገሩ ይገባቸዋል፤ ከዚያ የእንግሊዝኛው ቃል ለገባቸው ነገር ስም ሆኖ ይመጣል።

የክፍሉ ተማሪ ብዙ ነው፣ መሣሪያም የለም የሚለውን አውቃለሁ። መመዘኛው ለሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ቢልም 60 እና 70 ልጅ ይዘን ማስተማራችን የታወቀ ነው። ነገር ግን 60 ልጅ ዝም አድርጎ ማስታወሻ ማስጻፍም ከባድ ነው፤ ቀላል የሚመስለን ስለለመድነው ነው። በዕቁቡ ትምህርት 60 መሆናቸው ጠቀመን፤ 10 ልጆች ብቻ ቢሆኑ 120 ጊዜ ለማውጣት ቀኑን ሙሉ ይፈጅ ነበር። መሣሪያውም ከላይ የጠራሁት ነው፦ ክር፣ ካርቶን፣ ጠጠር፣ ብጣሽ ወረቀት። ጎረቤታችን ኬንያ በ1998 እ.ኤ.አ. ከጃፓኑ የትብብር ድርጅት ከጃይካ ጋር የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብና የሳይንስ መምህራንን በሥራ ላይ ማሠልጠን ስትጀምር ከያዘቻቸው መርሆች አንዱ ይኸው ነበር፤ በአካባቢ በሚገኝ ነገር መሥራት። እኛ ዘንድ ደግሞ ገበጣው አለ፣ የጥለቱ ተመሳሳይ ድግግሞሽ አለ፣ የስፌቱ ክብ አለ፣ ባሕረ ሐሳቡ አለ።

ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

1. ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ከሳምንቱ የሒሳብ ክፍለ ጊዜዎች አንዱ «የሒሳብ ተግባር» ተብሎ በጊዜ ሠሌዳውና በዓመታዊ ዕቅዱ ላይ ይጻፍ። የሚሸፈነው ይዘትም በዚያው ልክ ይመጠን። ጊዜው በሠሌዳ ላይ ከተጻፈ መምህሩ ከዕቅድ ወደኋላ ቀረህ አይባልም።

2. ከተከታታይ ምዘናው ከ100 ውስጥ 10ሩ ተማሪው ለክቶና አስልቶ ለሚያቀርበው አጭር ሪፖርት ይሁን። በ8ኛና በ12ኛ ክፍል ፈተና ላይም ጥቂት ጥያቄዎች ምክንያትን የሚፈትኑ ይሁኑ። ፈተናው ምርጫ ቢሆንም ይቻላል፤ አንድ የተሳሳተ አሠራር አቅርቦ «ስሕተቱ የገባው በስንተኛው እርምጃ ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። መምህሩም ተማሪውም የሚከተሉት ፈተናውን ነውና።

3. ለመምህራን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ (ተሙማ) ከሚመደበው ሰዓት ከፊሉ ወረቀት ከመሙላት ወጥቶ ክፍል ውስጥ ይዋል። የጃፓን መምህራን አንድን ትምህርት አብረው ያቅዳሉ፤ አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ ተማሪዎቹን ይመለከታሉ፤ በኋላ ተቀምጠው ይወያያሉ። በአንድ የትምህርት ቤቶች ክላስተር ያለን የሒሳብ መምህራን በወር አንድ ጊዜ እንዲህ ብናደርግ ትልቅ ሥልጠና ነው።

4. የመምህሩ መምሪያ በየአካባቢው የተፈተኑ ተግባራት ይጨመሩበት። እነዚህን መምህራኑ ራሳቸው ይጻፉአቸው፤ ቢሮው ሰብስቦ፣ አርሞ፣ አባዝቶ ይበትን። ለክርና ለካርቶን የሚሆን ጥቂት ገንዘብም ከትምህርት ቤቱ ድጎማ እንዲወጣ ይፈቀድ።

5. የሱፐርቪዥን ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመር፦ «በዚህ ክፍለ ጊዜ ተማሪ የጠየቀው ጥያቄ ምን ነበር?»

ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ባይሆን እንኳ በጥቂት ወረዳዎች በአንድ ሴሚስተር ይሞከር፤ ውጤቱ ይመዘን፤ ያልሠራው ይታረም። እኔና የማውቃቸው ባልደረቦቼ ለሙከራው ፈቃደኞች ነን።

ወላጆች ሆይ፣ እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። ልጃችሁ ሰፌድና ክር ይዞ ትምህርት ቤት ልሂድ ሲል አትከልክሉት። «እኔም ሒሳብ አይሆነኝም ነበር» ብላችሁም አታጽናኑት። ስለ ዕቁባችሁ፣ ስለ መሬታችሁ ስፋት፣ ስለ ሱቃችሁ ትርፍ አብራችሁት አስሉ። እናንተ በየቀኑ የምትሠሩት ሒሳብ ነው።

ክቡራን ኃላፊዎች፣ ይህን ደብዳቤ ከምታነቡት መካከል አንዳችሁ እንኳ ወደ አንዱ ትምህርት ቤት ጎራ ብትሉና፣ የክሩን አንዱን ጫፍ ይዛችሁ ከልጆቹ ጋር ምሰሶውን ብትለኩ፣ እኔ በዚህ ሁሉ ገጽ የጻፍኩትን በ40 ደቂቃ ታዩታላችሁ። ከመጨረሻው ዴስክ የሚመጣውን ድምፅም ትሰማላችሁ። ያ ልጅ ያወቀውን እንዲያወጣ የተሰጠው ሁለት ክፍለ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እነርሱም የተገኙት ከዕቅድ ተሠርቀው ነው። ሌሎች ልጆች ጊዜያቸውን በሕጉ እንዲያገኙ እለምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

አንድ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር

ግልባጭ፦
ለሒሳብ መምህራን በሙሉ
ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቶች
ከመጨረሻው ዴስክ ለሚቀመጡ ተማሪዎች